ለገና ያሰብኩት የማር ካሮት አረረብኝ፤ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

የአቶቴዋ | ታኅሣሥ 22፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው።

የገብርኤል እንግዶቼ ሳይወጡ ገና መጣብኝ። የታኅሣሥ 19ን የሐዋሳ ግርግር ያየ ሰው ይገባዋል፤ ሳሎኔ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎ ነው የከረመው። አሁን ደግሞ ለበዓሉ አሥራ ሁለት ሰው እጠብቃለሁ። አማቴም ከመሐላቸው አሉ።

ዶሮው አያሳስበኝም። ቅርጫውም ተከፍሏል። ያስጨነቀኝ ካሮት ነው። አትሳቁ።

አምና አንድ ሠርግ ላይ ከጥብሱ ጎን ካሮት ቀረበ። ተራ ቅቅል አይደለም። ላዩ መስተዋት የመሰለ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ቅቤ ቅቤ የሚል። በርበሬ ያቃጠለውን አፍ እንዴት እንደሚያሳርፍ! ሁለቱ ልጆቼ ቁሌት ያለበት ነገር አይነኩም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ድፎ ዳቦ ብቻ ሲገምጡ ይውላሉ። ስለዚህ ዘንድሮ ይህን ካሮት ከዶሮው ጎን ላቀርብ ቆርጫለሁ።

ትናንት ለልምምድ ሠራሁት። ጾም ስለሆነ በዘይት። አንድ ኪሎ ካሮት ከታትፌ ትንሿ ብረት ድስት ውስጥ ጠቀጠቅኩት። በማር ፋንታ አራት ማንኪያ ስኳር፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ዘይት፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ፤ ሁሉንም አንድ ላይ። እሳቱን ለቅቄ፣ ከድኜው ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ስመለስ ቤቱ በጭስ ታጥኗል። የታችኛው ካሮት ከሰል ሆኗል። የላይኛው ደግሞ ጥሬ ነው፤ ጥርስ ሲያርፍበት ቋ ይላል። አንድ ድስት ውስጥ ያረረና ያልበሰለ እንዴት አብሮ ይገኛል?

ድስቱን እስካሁን በአመድ እየፈተግኩ ነው። ሰባት ቀን ቀርቶኛል። እርዱኝ።

ጎመን በጤና | ታኅሣሥ 22፣ ማታ 3፡05

ኧረ ተይ እህቴ። ካሮት በስኳር? ምሳ ነው ወይስ ልደት? ዶሮ ወጥ አጠገብ ጣፋጭ ነገር ተቀምጦ አባቴ ቢያዩ ከትሪው ይነሳሉ። የካሮት ቦታ እኮ የታወቀ ነው፤ አልጫ አትክልት ውስጥ፣ ከጥቅል ጎመንና ከድንች ጋር። እዚያው ይቀመጥ። የፈረንጅ ነገር በበዓል ቀን አታምጪብን።

ቆሎ በኪስ | ታኅሣሥ 22፣ ማታ 3፡11

ይሄን የሚለው ማኪያቶው ላይ አራት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ነው።

ባለ ነጭ ኮፍያ | ታኅሣሥ 22፣ ማታ 4፡30

አይዞሽ እህቴ። እኔ ምግብ አብሳይ ነኝ፤ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ኩሽና ውስጥ ይቺን ነገር ግሌዝ እንላታለን። መጀመሪያ ቀን እኔም አሳርሬአታለሁ፤ ዋናው ሼፍ ያረረውን ቁጭ ብዬ እንድበላው አደረገኝ። ከዚያ ወዲህ አርሮብኝ አያውቅም።

ያንቺ ድስት ላይ የተረባረቡት ሦስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛው ሎሚው። አትክልትን አጣብቆ የሚይዘው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው። እሱ ሲለቅ ነው ካሮቱ የሚለሰልሰው። ጎምዛዛ ነገር ውስጥ ግን ቶሎ አይለቅም። ቲማቲም በዛ ባለ ወጥ ውስጥ ድንች ጨምረሽ አልበስል ብሎሽ አያውቅም? እሱው ነው። ሎሚ የመጨረሻ ነው፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላ።

ሁለተኛው ስኳሩና ውሃው። ውሃ እስካለ ድረስ ስኳር አያርም፤ የድስቱ ሙቀት ከውሃው መፍያ ብዙም አያልፍም። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ግን ለአንድ ኪሎ ምኑም አይደለም። ካሮቱ ሳይበስል ውሃው አለቀ። ውሃው ካለቀ በኋላ ሙቀቱን የሚይዘው የለም። ስኳር ወደ 160 ዲግሪ ሲጠጋ ይቀልጥና ይጠይማል፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ይመራል። ማር ደግሞ ከስኳር ፈጥኖ ይጠቁራል። አንቺ ልብስ ስታሰጪ የሆነው ይህ ነው።

ሦስተኛው ድስቱ። ትንሽና ጥልቅ ድስት ውስጥ ከታች ያለው እሳቱ ላይ ተኝቷል፣ ከላይ ያለው ደግሞ ፎቅ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ እኛ ጋ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ 100 አይደለም። ኢንተርኔት ላይ «8 ደቂቃ» ሲሉሽ የባሕር ጠረፍ ሰው ደቂቃ ነው። አንቺ ሦስት አራት ደቂቃ ጨምሪበት።

የአቶቴዋ | ታኅሣሥ 22፣ ማታ 4፡52

የቲማቲሙና የድንቹ ነገር! በሱ ስንቴ ባሌን «ይሄን ድንች ከየት ነው ያመጣኸው» ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ነው።

እሺ፣ ቅደም ተከተሉን ንገረኝ። በማንኪያና በብርጭቆ ይሁን፣ ግራም አልለካም። ደግሞ ጨዉን በልኩ ንገረኝ። በዓሉ ዋዜማ ላይ በቅቤ ስሠራው ጾም ስላልተፈታ ልቀምሰው አልችልም። ዶሮውንም በሽታው ነው የማውቀው። ይሄን ግን ሽታውንም አላውቀውም።

ባለ ነጭ ኮፍያ | ታኅሣሥ 23፣ ጠዋት 1፡15

ትናንት ማታ ፈረቃ ላይ ነበርኩ፣ ይኸው አሁን።

ለአሥራ ሁለት ሰው 2 ኪሎ ይበቃሻል። ዶሮና ቅርጫ እያለ በካሮት የሚጠግብ ሰው የለም። ግን በአንድ ጊዜ 1 ኪሎ ብቻ ሥሪ፣ በሁለት ዙር። የምነግርሽ ልክ የአንዱ ዙር ነው።

ገበያ ስትሄጂ አውራ ጣት የሚያክለውን ምረጪ። አናቱ ላይ አረንጓዴ የሆነውን ቆርጠሽ ጣይው፤ ይመራል። ግዙፍ ግዙፉ ልቡ እንጨት ነው። ሌላ ካጣሽ ለአራት ሰንጥቀሽ ልቡን አውጪና ለሾርባ አስቀምጪው።

አቆራረጡ ላይ አትቸኩዪ። በሰያፍ፣ በትንሽ ጣት ውፍረት። ወደ ቀጭኑ ጫፍ ስትሄጂ ቁራጩን ረዘም አድርጊው፣ ክብደቱ ከወፍራሙ ጋር እንዲመጣጠን። ግማሹ ገንፎ ሆኖ ግማሹ ጥሬ የሚቀረው እሳቱ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ቢላዋው ላይ ስለተቸኮለ ነው።

ሰፊ መጥበሻ ፈልጊ። ካሮቱ ቢበዛ ሁለት ድርብ ሆኖ ይተኛ። እስከ ወገቡ ውሃ አድርጊበት፤ በውሃ ብርጭቆ አንድ ተኩል ገደማ ይሆናል። ቅቤ 2 የሾርባ ማንኪያ። ጨው 1 የሻይ ማንኪያ፣ ልሙጥ፣ ያልተቆለለ። ማር አሁን አይገባም። ክደኚውና መካከለኛ እሳት ላይ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ተዪው። የቢላ ጫፍ ሲገባ ግን ትንሽ ሲታገልሽ በቃው።

ከዚህ በኋላ ስልክ ቢጠራም አታንሺ። ክዳኑን አንሺ፣ ማር 2 የሾርባ ማንኪያ ጨምሪ፣ እሳቱን ከፍ አድርጊ። በማማሰያ አታማስዪው፣ ይፈረካከሳል። መጥበሻውን በእጀታው ይዘሽ ወዘወዝ ወዘወዝ አድርጊው። ውሃው መሄድ አለበት። የሚያብረቀርቀው ነገር ሌላ ምንም አይደለም፤ ውሃው ሄዶ የቀረው ቅቤ፣ ማርና የካሮቱ የራሱ ስኳር ነው።

በጆሮሽ ጠብቂው። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይንተከተካል፣ አረፋው ትንንሽ ነው። ቀስ በቀስ አረፋው እየሰፋ ይሄዳል፣ መፍረጥ ይቸግረዋል፣ ድምፁም ከመንተክተክ ወደ «ችስስ» ይዞራል። ያን ጊዜ መጥበሻውን ዘንበል አድርጊው። ጥግ ላይ የተጠራቀመው እንደ ውሃ ከሮጠ ገና ነው። እንደ ቀጭን ማር ከተንሸራተተ አውርጂው። ለዚህ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይፈጃል። የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ቢኖርሽ ደግሞ በጣት ቆንጠር ያለ ጦስኝ። አለቀ።

እትዬ ሽሮ | ታኅሣሥ 23፣ ጠዋት 3፡20

ልጄ፣ ወንዶቹ እሳቱን ነገሩሽ፣ የቅቤውን ነገር ግን ማንም አላነሳም። ለዶሮው ያነጠርሽውን ቅቤ እዚህ እንዳትነኪው። ኮሰረትና በሶብላ ያለበት ቅቤ ማር ሲነካው የወጥና የጠጅ ጠብ ነው የሚሆነው። እኔ አንዴ ሞክሬዋለሁ፤ ልጆቼ እስከ ዛሬ ያሙኛል።

ለጋ ቅቤ ግዢ። እናንተ ሐዋሳ ያላችሁ ሰዎች ታድላችኋል፤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ደጃችሁ ድረስ ይመጣል። በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመሽ እጠቢው። ቅመም ካማረሽ ሁለት ፍሬ ኮረሪማ ፈልቅቀሽ ደቁሺበት፤ ኮረሪማ ከማር ጋር አይጣላም።

ባለ ነጭ ኮፍያ | ታኅሣሥ 23፣ ጠዋት 4፡02

እትዬ ልክ ነዎት። ከጣዕሙ ሌላ የኩሽና ምክንያትም አለው። ለጋ ቅቤ ውስጥ ውሃና የወተቱ ዝቃጭ አለ። ያ ዝቃጭ ቅባቱንና ውሃውን ያስታርቃቸዋል። የተነጠረ ቅቤ ግን ጥርት ያለ ቅባት ነው፤ ከሽሮፑ ቶሎ ይለያል። ዘይትም እንደዚያው።

ባለ ከሰል | ታኅሣሥ 23፣ ከሰዓት 8፡10

መካከለኛ እሳት፣ ከፍ ያለ እሳት ትላላችሁ። በዓል ቀን መብራት ይኖራል ያላችሁ ማነው? እኔ ሁሌ በከሰል ነው የምሠራው። ከሰል ላይ እሳት ከፍና ዝቅ የሚደረገው በአመድ ነው። ፍሙ በደንብ ከቀላ በኋላ ግማሹን በአመድ ሸፈን ታደርጊዋለሽ፣ ያ መካከለኛሽ ነው። ማሩ ሲገባ አመዱን ገለጥ አድርጊና አራግቢ። ሲያልቅ መጥበሻውን አንሺ እንጂ እሳቱን ለማብረድ አትሞክሪ፤ ከሰል ትእዛዝ አይሰማም።

ጎመን በጤና | ታኅሣሥ 23፣ ከሰዓት 8፡25

ለአንድ ካሮት ይህ ሁሉ ስብሰባ። ቅድመ አያቶቻችን ያላወቁትን።

የአዳማ ልጅ | ታኅሣሥ 23፣ ማታ 1፡40

ከአዳማ ሰላም። ጎመን በጤና፣ «የፈረንጅ ነገር» ስትል ነው የነቃሁት።

ካሮት ራሱ እንግዳ ነው። መነሻው ወደ ፋርስና አፍጋኒስታን አካባቢ ነው፤ የድሮው ወይን ጠጅና ቢጫ ነበር። ይሄ ብርቱካናማው የተስፋፋው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኔዘርላንድ ውስጥ ነው። ስኳሩስ? እኛ ጎረቤት ወንጂ ነው። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያቋቋመው ኤች.ቪ.ኤ. የሚባል የኔዘርላንድ ኩባንያ ነበር። ካሮቷም ስኳሯም በአንድ አገር ሰው እጅ አልፈው እዚህ መገናኘታቸው አይገርምም? አያቴ የወንጂ አገዳ ቆራጭ ስለነበሩ ይህን ነገር ባገኘሁበት ሁሉ አወራዋለሁ፣ ቻሉኝ።

ደግሞ በርበሬህም ከአሜሪካ አህጉር ነው የመጣው። አባትህ ከሱም ትሪ ይነሱ?

ጎመን በጤና | ታኅሣሥ 23፣ ማታ 1፡44

በርበሬን አትንኩብኝ።

ሦስት ጉልቻ | ታኅሣሥ 24፣ ጠዋት 2፡30

ጥያቄ አለኝ። አባቴ ስኳር አለባቸው። በዓል በመጣ ቁጥር የተከለከሉትን ሲያዩ ያዝናሉ። በስኳር ፋንታ በማር ከሆነ ይሆንላቸዋል ብላ እህቴ ትከራከረኛለች። የብርቱካን ጭማቂስ?

ባለ ነጭ ኮፍያ | ታኅሣሥ 24፣ ጠዋት 4፡15

ማርም ስኳር ነው። ጭማቂውም ስኳር ነው። «ከተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን አትስሙ። ሆቴል ውስጥ እንዲህ ያለ እንግዳ ሲመጣ ማሩ ከመግባቱ በፊት የሱን ድርሻ ወደ ትንሽ መጥበሻ አወጣለሁ። በቅቤው፣ በጨውና በተፈጨ ዝንጅብል ብቻ ውሃውን አስጨርሰዋለሁ። ካሮት የራሱ ጣፋጭነት አለው፤ ትንሽ ያብረቀርቃል፣ ከሌላው ብዙም አያንስም። ስንት ማንኪያ ቢበሉ ይሻላል የሚለውን የሚከታተላቸው ሐኪም ይንገራቸው፤ እኔ አብሳይ ነኝ።

ቆሎ በኪስ | ታኅሣሥ 24፣ ጠዋት 4፡40

በውሃ ፋንታ አምቦ ውሃ ብጨምርበትስ? ቅርጫው ላይ የተረፈ ሁሌ አለ።

ባለ ነጭ ኮፍያ | ታኅሣሥ 24፣ ጠዋት 5፡10

የቀለድክ መስሎሃል። ፈረንሳይ ውስጥ ቪሺ የምትባል በማዕድን ውሃዋ የታወቀች ከተማ አለች። ካሮት በዚያ ውሃ፣ በቅቤና በትንሽ ስኳር እስኪያብረቀርቅ የሚሠራበት ምግብ ስሙ ካሮት ቪሺ ነው። ውሃው ውስጥ ባይካርቦኔት አለ። ባይካርቦኔት የሎሚ ተቃራኒ ነው፤ አትክልትን ቶሎ ያለሰልሳል። አምቦ ውሃም ባይካርቦኔት አለው። ስለዚህ ይሠራል። ብቻ በዓይንህ ጠብቀው፣ ትንሽ ከዘገየህ ይላሽቃል። ጨዉንም ቀነስ አድርግ።

ቆሎ በኪስ | ታኅሣሥ 24፣ ጠዋት 5፡12

ካሮት አምቦ። ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ ይመዝገብልኝ።

የአቶቴዋ | ታኅሣሥ 26፣ ማታ 3፡15

ሁለተኛ ሙከራ። ከጎረቤት ሰፊ መጥበሻ ተውሼ፣ አንድ ኪሎ፣ እንዳላችሁት። አሁንም በዘይት፣ ጾሙ አልወጣም።

አበሳሰሉ ተሳካ! ሁሉም እኩል በሰለ። ቢላው ትንሽ ታገለኝና ገባ። ደስ ብሎኝ ማሩን ጨመርኩ። እዚህ ላይ ግን ሁለት ጉድ ገጠመኝ።

አንደኛ፣ የገዛሁት ማር ማሰሮው ውስጥ ስኳር ሆኖ ጠበቀኝ። ሻጩ ስኳር ደባልቆ ሸጠልኝ ብዬ ለባሌ ስሳደብ አመሸሁ።

ሁለተኛ፣ «ችስስ» የሚለውን ድምፅ ሰማሁና ከመደሰቴ የተነሳ ትንሽ ቆየሁ። አሁን መጥበሻው ውስጥ ካሮቱ ለብቻው ደረቅ ብሎ፣ ዘይቱ ለብቻው ጥግ ላይ ኩሬ ሠርቶ ተቀምጧል። መስተዋቱ ጠፋ! ምን ላድርግ? ይሄን የምጽፈው መጥበሻውን አጠገቤ አስቀምጬ ነው።

ባለ ነጭ ኮፍያ | ታኅሣሥ 26፣ ማታ 3፡18

አትድፊው! 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምሪበት፣ መልሰሽ እሳት ላይ አድርጊው፣ ወዝውዢው። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

የአቶቴዋ | ታኅሣሥ 26፣ ማታ 3፡24

ተመለሰ። በዓይኔ እያየሁ ዘይቱና ማሩ ታርቀው ካሮቱ ላይ ወጡ። ይሄን ማን አስተማረህ?

ባለ ነጭ ኮፍያ | ታኅሣሥ 26፣ ማታ 3፡30

ያ ያረረውን ያስበላኝ ሼፍ። ውሃው ጨርሶ ሲያልቅ ቅባቱን ከማሩ ጋር የሚያያይዘው ይጠፋል፤ ትንሽ ውሃ ስትመልሺለት ይታረቃል። ለጋ ቅቤ ሲሆን ደግሞ እንዲህ ቶሎ አይኮራረፍም።

ለበዓሉ አንድ ምክር ልስጥሽ። ዋዜማው ላይ የመጀመሪያውን ሥራ ብቻ ጨርሺ። በውሃው፣ በቅቤውና በጨው ቀቅለሽ፣ ከነመረቁ በሰሃን ገልብጠሽ አቀዝቅዢና ቀዝቃዛ ቦታ አሳድሪው። ማሩን ጠዋት ሰው ሲቀመጥ ጨምሪ። ስምንት ደቂቃ ነው። ዶሮ ሲወጣና ካሮት ሲያብረቀርቅ አንድ ላይ ይገናኛሉ።

እትዬ ሽሮ | ታኅሣሥ 26፣ ማታ 3፡50

ልጄ፣ ያን ማር ሻጭ ይቅር በይው። ደህናውም ማር ብርድ ሲያገኘው ስኳር ይሆናል፣ በዚያ ብቻ አይፈረድም። ማሰሮውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጪው፣ ይፈታል። እሳት ላይ አትጣጂው ብቻ።

የአቶቴዋ | ታኅሣሥ 30፣ ከሰዓት 9፡20

እንኳን አደረሳችሁ! ሪፖርት ይኸው።

ባለ ከሰል፣ አፍህ ላይ ምን አለ? ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ቤት ሙሉ ሰው፣ ካሮቱ ገና ማር አልነካውም። ከሰል ምድጃውን በረንዳ ላይ አውጥቼ፣ በአመድ አለዝቤ፣ አራግቤ፣ ሁለት ዙር ሠራሁት። ባሌ «ውጭ ምን እየጠበስሽ ነው?» እያለ በመስኮት ያየኛል። ጎንበስ ብዬ መጥበሻውን እያዳመጥኩ ነበር። ነፍሰ ጡር ሆድ እንደሚያዳምጥ ሐኪም።

ለጋ ቅቤውን በኮረሪማ አደረግኩት። እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ። ሽታው ጎረቤት ጠራ።

ልጆቼ አንድ ሳህን ጨረሱ፤ የበዓል ምግብ ሲበሉ ያየሁት የዘንድሮውን ነው። አማቴ ደግሞ አንዱን በሹካ አንስተው አገላብጠው አዩት። «ካሮት ነው?» አሉኝ። «ካሮት ነው» አልኳቸው። ጎረሱት። ዝም አሉ። ሁለተኛ ጎረሱ። አሁንም ዝም። ሆዴ ባባ። ከዚያ ቀና አሉና «ሚጥሚጣ የለሽም?» አሉኝ።

አመጣሁ። ካሮቱ ላይ ነሰነሱት! በእንጀራ ጠቅልለው፣ ከአይቡ ትንሽ ጨምረው በሉ። አጠገባቸው የነበሩት የባሌ አጎትም ሳህናቸውን ዘረጉ። ሁለተኛው ዙር ለሚጥሚጣ ሰዎች ብቻ ሆነ። እኔም ቀመስኩት፤ መጀመሪያ ማሩ፣ ከዚያ ቅቤው፣ ሲውጡት ደግሞ ጉሮሮ ላይ ትኩስ የሚል። ለካ ይህ ነበር የጎደለው።

አንድ ጥፋት ግን አለብኝ። ሁለተኛው ዙር ላይ ጨው ረስቻለሁ። ሚጥሚጣው ላይ ጨው ስለነበረ ማንም አላወቀብኝም።

አሁን አማቴ ለጥምቀት እሳቸው ቤት እንድሠራው አዘዋል። ሠላሳ ሰው። ባለ ነጭ ኮፍያ፣ 5 ኪሎ በአንድ ሰታቴ ይሆናል?

ባለ ነጭ ኮፍያ | ታኅሣሥ 30፣ ማታ 1፡05

አይሆንም! ሰታቴ ውስጥ መቀቀሉን ብቻ ሥሪ። ማሩ ሲገባ ግን በየኪሎው ወደ መጥበሻ እያወጣሽ። የጎረቤትሽ መጥበሻ ላይ ሌላ አንድ ተዋሺና ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪጂያቸው። ጥር 11 ድረስ ጊዜ አለሽ።

ሚጥሚጣውን ደግሞ እሳት ላይ እያለ እንዳትነሰንሺ። ትኩስ ማርና ቅቤ ላይ ሚጥሚጣ ሲያርፍ የሚወጣው ጭስ ሠላሳውንም ሰው ያስነጥሳል። ወርዶ፣ ሰሃን ላይ ከሆነ በኋላ። ይህን ሆቴላችን ውስጥ ልሞክረው ነው፣ ፈቃድሽ ከሆነ።

ጎመን በጤና | ታኅሣሥ 30፣ ማታ 1፡32

ሚጥሚጣ ካለበትማ ቀድሞ ይነገራል እንጂ።

ውሃው እስከ ወገቡ ነው ያልከው?